በባሕሩ ዳር የሚጠብቀን ጌታ

ምንባብ፤ የዮሐንስ ወንጌል 21፥1-17



ከላይ ያመለከትነው ምንባብ ከሞት የተነሣው ጌታ በአንድ ማለዳ በባሕር ዳር ለደቀ መዛሙርቱ እንደ ተገለጠላቸው ይነግረናል። ደቀ መዛሙርቱ ከታላቂቱ ከተማ ከኢየሩሳሌም ወደ ገሊላ ተመልሰው ነበር። በኢየሩሳሌም የቤተ መቅደሱን ታላላቅ ድንጋዮች አይተዋል፤ የካህናቱን ክብርና የሮማውያንን ጭፍራ ኃይል አይተዋል፤ የጌታቸውን መስቀልና ባዶውን መቃብርም አይተዋል። አሁን ግን ወደ አሮጌው ታንኳቸውና ወደ አሮጌው መረባቸው ተመልሰዋል። ያም ስፍራ ባሕር ይባል እንጂ ርዝመቱ 21 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ ሐይቅ ነው፤ በዳርቻውም ዓሣ አጥማጆች በትንንሽ ከተሞች ይኖሩ ነበር። ሞትን ያሸነፈው ጌታ ወደዚህ መጣ። መጥቶም ዙፋን አላቆመም፤ የፍም እሳት አዘጋጀ፣ ዓሣና እንጀራ አቀረበ፣ ሌሊቱን ሁሉ በከንቱ የደከሙትን ሰዎች ወደ ምሳ ጠራቸው።

አንባቢዎቻችን ሆይ፤ አብዛኛዎቻችሁ በደጋ አገር የምትኖሩ ስለ ሆናችሁ ባሕርን ያየ ከመካከላችሁ ጥቂት ሳይሆን አይቀርም። ይሁን እንጂ ለእያንዳንዱ ሰው የተወለደባት አንዲት ትንሽ ስፍራ አለችው። እኛ የተወለድንባት ስፍራ ምጽዋ ናት። ስለ እርሷና ስለ እርሷ ብለን ስለ ሠራነው አንድ በደል ጥቂት እንድንናገር ፍቀዱልን፤ ይህን ሳንናዘዝ ይህን ምንባብ ልንሰብክ አንደፍርምና።

1ኛ፤ የናቅናት ከተማ

ምጽዋ በቀይ ባሕር ዳር ያለች ከተማ ናት። አሮጌው ክፍሏ በሁለት ደሴቶች ላይ የቆመ ሲሆን፣ ደሴቶቹ እርስ በርሳቸውና ከየብሱ ጋር በባሕሩ ላይ በተሠራ መንገድ ተያይዘዋል። ጥንታውያን ቤቶቿ ከባሕር በተቆረጠ ድንጋይ የተሠሩ ናቸው፤ ሰገነቶቻቸውም በጥልፍልፍ እንጨት ያጌጡ ናቸው። ሐሩሯ ብርቱ ነው። በደጋው ክረምት በሆነ ጊዜ፣ እናንተ ጋቢ ደርባችሁ ከምድጃው አጠገብ ስትቀመጡ፣ በዚያ ሰው አልጋውን ከቤት አውጥቶ በደጅ ያድራል፤ የሚቻለውም ወደ ደጋ ይወጣል። በደጋው በጋ ሆኖ ሜዳው በደረቀ ጊዜ ግን በባሕሩ ዳር ጥቂት ዝናብ ይጥላል። እግዚአብሔር ለደጋውም ለቆላውም ዝናቡን በየጊዜው እንዲህ አድርጎ ከፍሎ ሰጥቷል።

ይህች ከተማ ብዙ መከራ አይታለች። ዓመታቱን በዚህ ጽሑፍ የምንቆጥረው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው። በ1921 ብርቱ የመሬት መንቀጥቀጥ ጎዳት። በየካቲት 1990 ደግሞ ጦርነት ደረሰባት፤ ከሰማይም በቦምብ ተደበደበች፤ ብዙ ሰው ሞተ፣ ብዙ ቤትም ፈረሰ። እኛ በዚያን ጊዜ ሕፃናት ነበርን። ያደግነው በፈረሰ ግድግዳ ጥላ ሥር እየተጫወትን ነው።

ከምጽዋ ወደ አስመራ የተዘረጋው የባቡር ሐዲድ በ1911 አስመራ የደረሰ ሲሆን፣ ርዝመቱ 118 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከባሕር ጠለል ተነሥቶም ከ2,300 ሜትር በላይ ይወጣል። መንገዱም እንደ ሐዲዱ ተራራውን እየዞረ ይወጣል። ልጅ ሳለን ወደዚያ ተራራ ሽቅብ እየተመለከትን አንድ ክፉ ትምህርት በልባችን ተማርን፤ ይኸውም ወደ ላይ መውጣት ክብር፣ ወደ ታች መውረድ ግን ውርደት ነው የሚል ነው። ይህን ማንም አላስተማረንም። ልባችን ራሱ መምህር ሆነብን።

ጊዜው ደርሶ ወደ ደጋ ወጣንና በወንጌል መልእክተኞች ትምህርት ቤት ገባን። በዚያም አነጋገራችንን አረምን፤ አለባበሳችንን ለወጥን፤ አገራችን ወዴት እንደ ሆነ የጠየቀን ሰው ቢኖር የታላቂቱን ከተማ ስም እንጠራ ነበር። አንድ ቀን እናታችን ሳትነግረን መጣች። ከባሕሩ ዳር እስከዚያ ድረስ በአውቶቡስ ተጉዛ፣ የደረቀ ዓሣ በከረጢት ቋጥራ በራሷ ላይ ተሸክማ በበሩ ቆመች። የዓሣው ሽታ ግቢውን ሞላው። ከጓደኞቻችን አንዳንዱ አፍንጫውን ያዘ። አንዱም፣ «ይህች ሴት ማን ናት?» ብሎ ጠየቀን። እኛም፣ «ከአገራችን የመጣች ሴት ናት» ብለን መለስን።

ወንድሞች ሆይ፤ ቃሉ ሐሰት አልነበረም፤ ነገር ግን ክህደት ነበር። እናታችን ሰማች። ምንም አልተናገረችም። ከረጢቱን አስረከበችን፣ ጉንጫችንን ሳመች፣ በዚያው ቀን ተመልሳ ሄደች። እኛ ግን በማግሥቱ ስለ ወንጌል አገልግሎት በተሰጠን ፈተና መልካም ውጤት አገኘን።

2ኛ፤ እግዚአብሔር በሩቅ አገር ያስተማረን

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ለትምህርት ወደ ስዊድን አገር ተላክን። የስዊድን ዋና ከተማ ስቶክሆልም በ14 ደሴቶች ላይ የተሠራች ታላቅና የተዋበች ከተማ ናት። የተቀበሉን ሰዎች ደጎች ነበሩ፤ በእነርሱ ላይ የምንናገረው ክፉ ነገር የለንም። ነገር ግን በታኅሣሥ ወር በዚያ ከተማ ፀሐይ ከቀትር በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች። የቤቱ በር ወፍራም፣ የመስኮቱም መስታወት ድርብ ነው፤ ስለ ብርዱ እንዲህ መሆኑ የተገባ ነው። ሆኖም ከግድግዳው ማዶ የሚኖረው ጎረቤት ይታመም ወይም ደኅና ይሁን ማወቅ አይቻልም ነበር።

አንድ ቀን ባሕር እናያለን ብለን ወደ ዳር ወረድን። ውኃው ዳር ዳሩን ረግቶ በረዶ ሆኖ ነበር። የባሕር ሽታ አልነበረውም። በዚያ ቆመን ሳለን የናፈቀን ምን እንደ ሆነ ብንነግራችሁ ትደነቃላችሁ፤ የናፈቀን ያ በትምህርት ቤቱ በር ያፈርንበት የደረቀ ዓሣ ሽታ ነበር። ሽታውን ተከትሎም የእናታችን ዝምታ ወደ ልባችን መጣ። በቤታችን ሳለን ያላየነውን በሩቅ አገር አየነው። ጠፍቶ የነበረውም ልጅ በአባቱ ቤት ያለውን እንጀራ ያሰበው በሩቅ አገር በእሪያዎች መካከል ሆኖ እንደ ነበር የሉቃስ ወንጌል በምዕራፍ 15 ይነግረናል። ስለዚህ መሄድ ራሱ ኃጢአት አይደለም። እግዚአብሔር አንዳንድ ጊዜ ሰውን አርቆ የሚልከው ቅርቡን እንዲያሳየው ነው።

በዚያው ከተማ ሳለን አንድ ሌላ ሰው ትዝ አለን፤ እርሱም ኦኔሲሞስ ነሲብ ነው። ታሪኩን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። በኢሉባቦር ተወልዶ በሕፃንነቱ ለባርነት ተሸጠ፤ ከእጅ ወደ እጅ አልፎም ምጽዋ ደረሰ። በ1870 በዚያ ስዊሳዊው ወርነር ሙንዚንገር ነጻ አወጣው፤ በስዊድናውያን የወንጌል መልእክተኞች ትምህርት ቤት ገባ፤ በ1872 በትንሣኤ በዓል ተጠመቀ። ከዚያም ስቶክሆልም በነበረው በዮሐኔሉንድ ትምህርት ቤት አምስት ዓመት ተምሮ በ1881 ወደ ምጽዋ ተመለሰ።

አሁን አስተውሉ። የስዊድን መልእክተኞች በ1866 ምጽዋ ሲደርሱ አሳባቸው ወደ ኦሮሞ ሕዝብ ለመሄድ ነበር። ምጽዋ ለእነርሱ የሚያልፉባት በር እንጂ የሚቀመጡባት ቤት አልነበረችም። መንገዱ ግን ተዘጋ፤ ከመካከላቸውም ብዙዎች በንዳድና በልዩ ልዩ መከራ ሞቱ። ኦኔሲሞስም ከስዊድን እንደ ተመለሰ ወደ ወገኖቹ ለመድረስ በሱዳን በኩል ሞከረ፤ አልተቻለውም፤ ታምሞ ወደ ካርቱም ተመለሰ፤ ከዚያም ወደ ባሕሩ ዳር። ዳግመኛም ሞክሮ ዳግመኛ ተመለሰ። ታዲያ በምጽዋ አጠገብ በምትገኘው በእምኩሉ፣ በዚያ ሐሩር፣ ምን አደረገ? ተቀምጦ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ተረጎመ። አስቴር ጋኖ የተባለች፣ በ1886 ወደ ዐረብ አገር ልትሸጥ በመርከብ ስትወሰድ ነጻ የወጣች ሴት፣ በቋንቋው ቃላት ብዙ ረዳችው። አዲስ ኪዳን በ1893 በእምኩሉ ታተመ፤ መላው መጽሐፍ ቅዱስም በ1899 በስዊስ አገር ታተመ። ወደ ወለጋም የሄደው ከዚያ በኋላ በ1904 ነው።

እንግዲህ ለኦሮሞ ሕዝብ ቃለ እግዚአብሔር በገዛ ቋንቋው የተዘጋጀው ሰዎች እንደ ማለፊያ በቆጠሯት ስፍራ ነው። ሰው ባይፈልጋትም እግዚአብሔር ሥራውን የሠራው በዚያች ስፍራ ነው። እኛ በስቶክሆልም ሆነን ይህን ባሰብን ጊዜ አፈርን። ኦኔሲሞስ በባርነት የደረሰባትን ከተማ የሥራ ስፍራ አደረጋት፤ እኛ ግን በነጻነት የተወለድንባትን ከተማ ደበቅናት።

3ኛ፤ ሁለቱ የፍም እሳቶች

የዮሐንስ ወንጌል ስለ ሁለት የፍም እሳቶች ይነግረናል። አንደኛው በምዕራፍ 18 ቁጥር 18 ያለው ነው፤ በሊቀ ካህናቱ ግቢ ሎሌዎች ይሞቁት ነበር፤ ጴጥሮስም ከእነርሱ ጋር ቆሞ ሲሞቅ ጌታውን ካደ። ማቴዎስ ደግሞ በምዕራፍ 26 ቁጥር 73 በዚያ የቆሙት ሰዎች ጴጥሮስን በአነጋገሩ እንዳወቁት ይተርካል። የገሊላ ሰው ነበርና አፉ ገለጠው። የባሕር ዳሩ ሰው በታላቂቱ ከተማ ከአንደበቱ የተነሣ ተጋለጠ፤ በዚያችም ሰዓት ያላወቀ መሰለ። ሰው አንዴ ማፈር ከጀመረ ማቆሚያውን አያውቅም። ዛሬ በእናቱ ያፈረ ነገ በጌታው ያፍራል።

ሁለተኛው የፍም እሳት በምዕራፍ 21 ቁጥር 9 ያለው ነው። ይህን ያዘጋጀው ራሱ ጌታ ነው። አስቀድሞም በማርቆስ ወንጌል 16፥7 እንደ ተጻፈው፣ በመቃብሩ የታየው መልአክ ጌታ ወደ ገሊላ እንደሚቀድማቸው ለደቀ መዛሙርቱና ለጴጥሮስ እንዲነገር አዝዞ ነበር። የጴጥሮስ ስም ለብቻው ተጠራ። ስሙ የተጠራው ሊወቀስበት አይደለም፤ እኔን አይመለከተኝም ብሎ እንዳይቀር ነው። ጌታም ካጠመደበት ባሕር ዳር፣ በለመደው ሽታ መካከል፣ ዓሣ ጠብሶ ጠበቀው። አስቀድሞ አበላው፤ ከበላም በኋላ ሦስት ጊዜ ጠየቀው። በከዳበት ቁጥር ልክ ፍቅሩን እንዲናገር ፈቀደለት።

እኛም ከሩቅ አገር ስንመለስ ቁልቁለቱን የወረድነው በፍርሃት ነበር። ሐሩሩ ፊታችንን ሲመታን ደረስን ማለት ነውና ልባችን መታ። በባሕሩ ዳር መረቡን የሚጠግን አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን አወቀን፤ እርሱ እስላም ነው፤ በልጅነታችን ብዙ ጊዜ በገበታው በልተናል። «እንኳን ደኅና ገባህ፣ ልጄ። ባሕሩ ወዴትም አልሄደም፤ የሄድህ አንተ ነህ» አለን።

በዚያን ቀን ማታ እናታችን አልጋዎቹን በደጅ ዘረጋች። በጨለማ ሆነን የተናገርነውን ቃል አነሣን፤ ይቅርታዋንም ለመንን። ጥቂት ዝም ካለች በኋላ፣ «ልጄ፤ ያን ቀን እኔን ያሳሰበኝ ዓሣው በመንገድ እንዳይበላሽ ነበር። ለመሆኑ በላኸው ወይ?» አለች። እኛም እውነቱን ነገርናት፤ አልበላነውም፤ አፍረን ለዘበኛው ሰጥተነው ነበር። እርሷም ሳቀችና፣ «እንግዲያስ ዘበኛው ተባርኳል። ነገ ለአንተ ሌላ አመጣለሁ» አለች። በማግሥቱ ገና ሳይነጋ ወደ ባሕሩ ወረደች፤ በፍም ላይ ዓሣ ጠብሳ አቀረበችልን። ያን ማለዳ የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 21 ምን እንደሚል ያለ መምህር ተማርን።

ከዚያ በኋላ ዓይናችን ተከፈተና ከተማይቱን እንደ ገና አየናት። ልጅ ሳለን በደጅ ማደርን የድህነት ምልክት አድርገን እንቆጥረው ነበር። አሁን ግን ሌሊት የአንዱ ሳል ለሌላው እንደሚሰማ፣ ሲነጋም፣ «ሌሊት ስታስል ሰማሁህ፤ እንዴት አደርህ?» የሚል ጎረቤት እንደሚመጣ አየን። ሌሊቱን ሙሉ ደክሞ ባዶ መረብ ይዞ የተመለሰውን ዓሣ አጥማጅ ሌላው ከያዘው ሲያካፍለው አየን። ጦርነቱ በቀዳደው ግድግዳ ጥግ ሴቶች ቡና ሲያፈሉ አየን። ይህ ሁሉ አስቀድሞም ነበረ። ያልነበረው የእኛ ምስጋና ነው።

ነገር ግን ወንድሞች ሆይ፤ በዚህ አሳባችሁን አታቁሙ። የእናት ይቅርታ ታላቅ ነው፤ ልብን አዲስ የሚያደርገው ግን የክርስቶስ ይቅርታ ነው። እርሱ ራሱ ከተናቀች ከተማ የመጣ ነው፤ ናትናኤል ከናዝሬት መልካም ነገር መውጣቱን እንደ ተጠራጠረ በዮሐንስ 1፥46 ተጽፏል። ከክብሩም ወርዶ ሥጋችንን በለበሰ ጊዜ በእኛ በኃጢአተኞች አላፈረም፤ ወንድሞቼ ብሎ ሊጠራን እንደማያፍር የዕብራውያን መልእክት በ2፥11 ይመሰክራል። ወደ ላይ መውጣት ብቻ ክብር ነው ያልነው እኛ ነን። የክብር ባለቤት ግን ቁልቁል ወረደ። እስከ መስቀል፣ እስከ መቃብርም ወረደ። በዚህ የሚያምን ሰው ትንሽ ስፍራን ሊንቅ፣ በድኻ እናቱም ሊያፍር ከቶ እንዴት ይችላል?

4ኛ፤ ለእኛ ለሁላችን

አገርን መውደድ እንኳ ወደ ትዕቢት ሊለወጥ ይችላልና እንጠንቀቅ። ጌታ ጴጥሮስን ስለ ገሊላ ያለውን ፍቅር አልጠየቀውም፤ ስለ ራሱ ጠየቀው፤ ከዚያም በጎቹን እንዲጠብቅ አዘዘው። ጴጥሮስ ከዚያ ባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ ሩቅ ሄደ። ኦኔሲሞስም ጊዜው ሲደርስ ከእምኩሉ ተነሥቶ ወደ ወገኖቹ ሄደ። እኛም ጥቂት ዘመን በዚያ ከቆየን በኋላ ወደ ሌላ አገልግሎት ተልከናል። በዚህ ምድር ጸንታ የምትኖር ከተማ እንደሌለችን የዕብራውያን መልእክት በ13፥14 ያስተምረናል። የተወለድንባት ስፍራ ጣዖት ልትሆንብን አይገባም፤ የምስጋና ምክንያት ትሁነን እንጂ።

ከየመንደራችሁ ወጥታችሁ በከተማ የምትማሩ ወጣቶች ሆይ፤ የእናታችሁ ቀሚስ ጭስ ጭስ ቢሸት፣ ያ ጭስ እናንተን ያሳደገው ምግብ የበሰለበት ነው። የአባታችሁ እጅ ቢሻክር፣ የእናንተ እጅ የለሰለሰው በእርሱ ነው። ጓደኞቻችሁ ማን ነው ብለው ሲጠይቋችሁ፣ «አባቴ ነው፤ እናቴ ናት» በሉ። ከዚህ ቃል የሚበልጥ ማዕረግ ከየትኛውም ትምህርት ቤት አታገኙም።

በዐረብ አገር፣ በአውሮፓ፣ በአሜሪካም ያላችሁና መመለስ የማይቻላችሁ ሆይ፤ ጌታ በየትኛውም ባሕር ዳር ሊያገኛችሁ ይችላል። ነገር ግን ያልተነገረ የይቅርታ ቃል ካላችሁ ዛሬውኑ ደውሉ። የእኛ እናት አሁን በጌታ አርፋለች። ያን ሌሊት በደጅ ሆነን ባንናገር ኖሮ ዛሬ ለማን እንናገር ነበር?

በትንሽ ማኅበር የተመደብን እኛ ቄሶችና ወንጌላውያንም ራሳችንን እንመርምር። በአንዲት ቆላ መንደር ሃያ ሰው ፊት ስንቆም ልባችን በከተማይቱ ታላቅ ቤተ ክርስቲያን ከሆነ፣ ሃያዎቹ ያውቁታል። በጎች የእረኛቸው ዓይን ወዴት እንደሚመለከት ያውቃሉና። እምኩሉን እናስብ። ጌታ ያስቀመጠን ስፍራ ማለፊያ ሳይሆን የሥራ ስፍራ ነው።

ደግሞም በየመንደሩ የቀራችሁ አባቶችና እናቶች ሆይ፤ ያፈሩባችሁ ልጆች ሲመለሱ ዓሣውን ጥበሱላቸው፤ ወቀሳው ቢኖርም ከምሳው በኋላ ይሁን። ጌታችን ያደረገው እንዲሁ ነውና።

እንጸልይ። አቤቱ ጌታ ኢየሱስ ክርስቶስ ሆይ፤ ከሰማይ ክብር ወደ ትንሿ ስፍራችን ስለ ወረድህልን እናመሰግንሃለን። በወላጆቻችን፣ በመንደራችን፣ በአንተም ስላፈርንበት ጊዜ ሁሉ ይቅር በለን። በሩቅ ያሉትን ጠብቅ፤ የተመለሱትን ዓይናቸውን ክፈት፤ በቤት የቀሩትን አጽና። ሌሊቱን በከንቱ ለደከመ ሁሉ በማለዳ በባሕሩ ዳር ተገለጥለት። የማታልፈውንም ከተማህን እስክናይ ድረስ በሰጠኸን ስፍራ በምስጋና አኑረን። አሜን።